የአፍሪቃን የተፈጥሮ ድንቆች ከምክንያታቸው ጋር ስለማስተማር

የአንድን አህጉር ድንቅ የተፈጥሮ ገጽታዎች ማስተማር ብዙ ጊዜ የስምና የቁጥር ዝርዝር ከማስጠናት አያልፍም። ተማሪው ከአፍሪቃ ተራሮች ከፍተኛው ኪሊማንጃሮ፣ ከሐይቆችዋ ሰፊው ቪክቶሪያ፣ ጥልቁ ደግሞ ታንጋኒካ መሆኑን በቃሉ ያጠናል፤ ፈተናው ሲያልፍ ዝርዝሩም አብሮ ይረሳል። በዝርዝሩ ውስጥ ስሕተት የለም፤ ጉድለቱ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ቦታ አለመስጠቱ ነው። ከእነዚህ ድንቆች ብዙዎቹ ግን የሚጋሩት አንድ ምክንያት አላቸው፤ እርሱም የታላቁ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ነው።

የሸለቆው አፈጣጠር

የምድር ቅርፊት ከበታቹ በሚገኘው የጋለ ዓለት ግፊት ወደ ላይ ሲያብጥና ወደ ግራና ቀኝ ሲሳብ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በስንጥቆቹ መካከል ያለው መሬት ወደ ታች ሲሰምጥ ሸለቆ ይሆናል፤ ግራና ቀኙም ገደል ሆኖ ይቀራል። በስንጥቁ በኩል የሚወጣው ቅልጥ ዓለት ደግሞ እሳተ ገሞራዎችን ይሠራል። ይህ ስብራት ከአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ ተነሥቶ የኢትዮጵያን ደጋዎች ለሁለት በመክፈል እስከ ሞዛምቢክ ይዘልቃል። ከኢትዮጵያ በስተደቡብ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ምሥራቃዊው ኬንያንና ታንዛኒያን ያቋርጣል፤ ምዕራባዊው ከዩጋንዳ ጀምሮ የታንጋኒካንና የማላዊን ሐይቆች ይዞ ይወርዳል።

ሐይቆችንና ተራሮችን በማነጻጸር

የቪክቶሪያ ሐይቅ ስፋት 68,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጥልቀቱ 80 ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ የዚህን ግማሽ እንኳ የማይሞላው ታንጋኒካ ግን 1,470 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ተማሪዎች እነዚህን አኃዞች ጎን ለጎን አይተው ምክንያቱን እንዲፈልጉ ቢደረግ፣ መልሱን ከካርታው ላይ ያገኙታል። ታንጋኒካ በስንጥቁ ውስጥ የተኛ ሲሆን፣ ቪክቶሪያ በሁለቱ ቅርንጫፎች መካከል ባለው ለዘብ ያለ ረባዳ መሬት ላይ የተንጣለለ ነው።

በተራሮችም ረገድ ተመሳሳይ ጥያቄ ማንሣት ይቻላል። 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው ኪሊማንጃሮ ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ዓለት ተከምሮ የሠራው ተራራ ነው። በዩጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ የሚገኘውና 5,109 ሜትር የሚደርሰው ርዌንዞሪ ግን እሳተ ገሞራ አይደለም፤ በስብራቱ ዳር ወደ ላይ የተገፋ ጥንታዊ የዓለት ክምችት ነው።

ሁሉንም ድንቅ ከስምጥ ሸለቆው ጋር ማያያዝ ግን አይገባም። 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል ወርድና 108 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የቪክቶሪያ ፏፏቴ የተገኘው፣ የዛምቤዚ ወንዝ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ያሉትን ስንጥቆች እየቦረቦረ ወደ ኋላ በማፈግፈጉ ነው። ከፏፏቴው በታች የሚታዩት ጠመዝማዛ ገደሎች የቀድሞ ፏፏቴዎች ሥፍራ ናቸው። እንዲህ ያለው ምሳሌ ተማሪው አንዱን ምክንያት ለሁሉም ከመለጠፍ እንዲጠነቀቅ ያስተምረዋል።

ከአካባቢ መነሣት

ታንጋኒካን የማያይ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ተመሳሳዩን ትምህርት በአገሩ ያገኛል። የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ከእርሱ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሻላ በስፋቱ ያነሰ ሆኖ ሳለ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ምክንያቱም ጥንት እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ መሬቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ በሠራው ጎድጓዳ ውስጥ በመገኘቱ ነው።

ጉዳዩ ከዕውቀት አልፎ የኑሮም ጉዳይ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሥፍራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራርቋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ከነዚህ ቀዬዎች የወጣ ሕፃን ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ስለ ስምጥ ሸለቆ የሚጠይቀው ስለ ገዛ ቤቱ ነው። የመንቀጥቀጡን ምክንያት የተረዳ ተማሪ የሚናፈሰውን ወሬ ከእውነቱ ለመለየት፣ ስንጥቅ በታየበት ሥፍራ ቤት መሥራት የሚያስከትለውን አደጋም ለቤተሰቡ ለማስረዳት ይችላል።

ስለሆነም የመርሐ ትምህርት አዘጋጆች አፈጣጠሩን ከዝርዝሩ አስቀድመው፣ የአካባቢውንም ምሳሌ ከሩቁ አስቀድመው ቢያቀርቡ፣ ፈተናዎችም «ከሁሉ ጥልቁ ሐይቅ የትኛው ነው?» ከማለት አልፈው «ስለምን ጠለቀ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የአህጉሩ ካርታና ለጥያቄ የሚበቃ የክፍለ ጊዜ ድልድል ብቻ ነው።