የልጅ ልደት በጾም ሲውል



ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በዓመቱ ውስጥ ከምታከብራቸው በዓላት መካከል የልደት በዓላት ጥቂት አይደሉም። የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ልደት ግንቦት 1፣ የመጥምቁ የቅዱስ ዮሐንስ ልደት ሰኔ 30፣ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ታኅሣሥ 24 ቀን ይታሰባል። እንግዲህ የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም የመጣበትን ቀን በምስጋና ማሰብ ለሀገራችን ክርስቲያን ባዕድ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቤተሰብ የልጁን ልደት በየዓመቱ ኬክ ቆርሶና ሻማ አብርቶ ማክበሩ ከቅርብ ዘመን ወዲህ የተስፋፋ ልማድ ነው። ቀድሞ እናቶች የልጃቸውን ዕድሜ ሲጠየቁ «በጊዮርጊስ ማግስት ነው የተወለደው»፣ «ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። የልጁ ዋና በዓልም ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን የሚፈጸመው ክርስትና ነበር። ዛሬ ግን የልደት በዓል ከአዲስ አበባ አልፎ በየከተማው ገብቷል። በአዊ ምድርም በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቲሊሊ፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ መንደሮችም ጭምር ልጆች የልደታቸውን ቀን ቆጥረው ይጠብቃሉ። ከዚህም የተነሣ ሁለት ጥያቄዎች በየቤቱ ይነሣሉ። አንደኛው፣ ይህ በዓል ለክርስቲያን ይገባልን? የሚል ነው። ሁለተኛውና የብዙ እናቶች ጭንቀት የሆነው ደግሞ፣ ቀኑ በጾም ላይ ቢውል ምን ይጋገር? የሚለው ነው።

መጽሐፍ ምን ይላል?

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ በግልጽ ከተነገሩት የልደት ግብዣዎች ሁለቱ መጨረሻቸው አላማረም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 እንደተጻፈው፣ የግብፁ ንጉሥ ፈርዖን በተወለደበት ቀን ለሹማምንቱ ግብዣ አደረገ፤ በዚያው ቀን የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ተሰቀለ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደግሞ ሄሮድስ በልደቱ ቀን መኳንንቱን ጋበዘ፤ በዚያ ግብዣ ላይ የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ተቆረጠ። ይህን ታሪክ በማስታወስ የልደት በዓልን ጨርሶ የሚነቅፉ ወገኖች አሉ። ነገር ግን ታሪኩን ስናስተውል የተነቀፈው ማዕዱ ሳይሆን የማዕዱ ባለቤት ልብ ነው። ሄሮድስን ያጠፋው በእንግዶቹ ፊት ላለማፈር ሲል የጸናበት ከንቱ መሐላ ነው።

በአንጻሩ አባታችን አብርሃም ልጁ ይስሐቅ ጡት በጣለበት ቀን ታላቅ ግብዣ አድርጓል። ከዚያም አስቀድሞ የይስሐቅ መወለድ በተበሠረበት ቀን፣ ሣራ ሦስት መስፈሪያ መልካም ዱቄት ለውሳ ለእንግዶቹ እንጎቻ ጋግራለች። ጻድቁ ኢዮብም ልጆቹ በየተራ፣ እያንዳንዳቸው በቀናቸው፣ ግብዣ ባደረጉ ጊዜ ማልዶ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። ስለሆነም የልጅን ዕድገት በማዕድ ማሰብ የአበው ሥርዓት ነው። ጥያቄው ማዕዱ ለውዳሴ ከንቱ ነው ወይስ ለምስጋና ነው የሚለው ብቻ ነው።

ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ይረዳናል። ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል፤ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ አይውልም። ስለዚህ ከመጋቢት 5 እስከ መጋቢት 25 ባሉት ቀናት የተወለደ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ልደቱ የሚውለው በዐቢይ ጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ጌታ ልደት ዋዜማ የተወለደው በጾመ ነቢያት፣ ከሰኔ 20 እስከ ሐምሌ 4 የተወለደው በጾመ ሐዋርያት፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የተወለደውም በጾመ ፍልሰታ ልደቱን ያከብራል። በሌላ በኩል ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 15 የተወለደ ልጅ ልደቱ ዘወትር በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕም ሆነ ዓርብ ቢሆን ጾም አያገኘውም። የእመቤታችን ልደት ግንቦት 1 ከእነዚህ ቀናት መካከል ናት።

በጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ደግሞ ቀኑን የሚያገኘው በየአራት ዓመቱ ነው፤ ለእርሱ በሌሎቹ ዓመታት ጳጉሜን 5ን ማሰብ ይበቃዋል።

ታድያ በጾም የተወለደ ልጅ ምን ይሁን? እዚህ ላይ የቅዱሳኑን ልደት እንመልከት። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት በጾመ ነቢያት፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደትም በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ይውላል። ስለ በዓሉ ተብሎ ጾሙ አይፈታም፤ ስለ ጾሙ ተብሎም በዓሉ አይቀርም። ሁለቱም በአንድ ቀን ተከብረው ይውላሉ።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በየቤታችን አለ። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል፣ ማለትም ቡሄ፣ ከሁሉ ይልቅ የልጆች በዓል ነው። እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ልጆችም ጅራፍ እያጮኹ፣ እየዘመሩ ዳቦውን ይቀበላሉ። ይህ በዓል የሚውለው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ሙልሙሉ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ነው፤ እንቁላልም ቅቤም የለበትም። ሆኖም በቡሄ ዳቦ ያልተደሰተ ልጅ አናውቅም። እናቶቻችን የልጅ ደስታ ያለ ፍስክ ምግብ ሊፈጸም እንደሚችል ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር።

በዘንገና ደጋ ዳቦ ሲደፋ

ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጥልቅ ውኃ ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ቅዝቃዜው ብርቱ ነው። ይህ ከፍታ ለጋጋሪ ሴት ትርጉም አለው። በዚህ ስፍራ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑም በሊጡ ውስጥ ያለው አየር በቀላሉ ይነፋል፤ በተቃራኒው ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል። ስለዚህ በቆላ የተለካው ሰዓት ለደጋ አይሠራም። ሊጡ ደረሰ የሚባለው ሰዓት ሲሞላ ሳይሆን መጠኑ እጥፍ ሲሆን ነው።

አካባቢው በስንዴ፣ በገብስና በድንች ይታወቃል። ለልደት የሚሆን ለስላሳ የጾም ዳቦ ከዚሁ ምርት ይሠራል። 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ተቀቅለው የላሙ መካከለኛ 3 ድንች፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ወይም ማር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ይዘጋጅ። ጥቁር አዝሙድ፣ የተወቀጠ ድንብላልና አንድ እፍኝ ዘቢብ ይጨመርበት። ግማሽ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ እጅ እስኪለቅ ድረስ ይቡካ። ድንቹ እርጥበት ስለሚይዝ ዳቦው በማግስቱም አይደርቅም።

ሊጡ ኩፍ ሲል ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ተደፍቶ፣ በኮባ ተሸፍኖ ይከደንና ከላይም ከታችም እሳት ይደረግለታል። በጎረቤት ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው በማሳው ላይ ተክሎ ከሚቆርጠው የዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። የላይኛው ፍም ሳስቶ፣ የታችኛው በአመድ ለዝቦ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ስንጥር ተሰክቶበት ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ዳቦው በስሏል። ይሁንና ብርድ ነው ተብሎ ልጆች በተሰበሰቡበት፣ በርና መስኮት በተዘጋበት ቤት ከሰል ማቀጣጠል ሕይወት የሚያጠፋ መሆኑን ደጋግመን ማስገንዘብ እንወዳለን።

እንቁላል የሌለበት ኬክ

ልጆች ኬክ ካልሆነ ብለው ሲያለቅሱ ወላጅ ይጨነቃል። ኬክን ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ መጋገር ግን አዲስ ጥበብ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር አልፍሬድ በርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ባለቤቱ እንቁላልና እርሾ የማይስማማት ነበረች። ስለ እርሷ ሲል እ.ኤ.አ. በ1837 እንቁላል የሌለበት ካስታርድ፣ በ1843 ደግሞ እርሾን የሚተካ ቤኪንግ ፓውደር ሠራ። አንድ ባል ለሚስቱ ገበታ አስቦ ያገኘው ነገር ዛሬ የዓለም ሁሉ ሆኗል።

የአሠራሩ ምሥጢር አጭር ነው። ኮምጣጣ ነገር ከሶዳ ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥራል፤ አየሩም ሊጡን ያነሣዋል። 3 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ተኩል ብርጭቆ ስኳር፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በደረቁ ይቀላቀል። በሌላ ዕቃ 2 ብርጭቆ ውኃ ወይም የብርቱካን ጭማቂ፣ ከግማሽ ብርጭቆ ጥቂት ከፍ ያለ ዘይትና 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም ሎሚ ይደባለቅ። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ተማስሎ ሳይዘገይ ወደ ምድጃ ይግባ፤ ከዘገየ አየሩ ይባክናል። በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። በደጋ ሶዳና ስኳር ቢበዛ ኬኩ በፍጥነት ተነሥቶ መካከሉ ይሰምጣልና መጠኑ ባይጨመር ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ምድጃ የሌለው ቤት በወፍራም ድስት ውስጥ ደረቅ አሸዋ አሙቆ፣ የኬኩን ዕቃ በላዩ አስቀምጦ፣ ከድኖ በቀስታ እሳት ሊጋግር ይችላል። ለጌጡ የተፈጨ ስኳር በሎሚ ተለውሶ ይቀባል፤ ጥቂት የቀይ ሥር ጭማቂ ሐምራዊ ያደርገዋል።

ከኬክ ቤት የሚገዛ ሰው ግን «የጾም ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ አይመለስ። የወተት ዱቄት ወይም ቅቤ አለበት ወይ ብሎ ይጠይቅ። አንዳንዱ የፋብሪካ ማርጋሪንም የወተት ተዋጽኦ አለበትና በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

ቁራሹ ለማን ይድረስ?

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ነገር ይህ ነው። የልደት በዓል ዛሬ በብዙ ቤት የሀብት መለኪያ እየሆነ መጥቷል። ባለ ሁለት ደርብ ቶርታ ያልቀረበለት ልጅ ያልተወደደ ይመስለዋል፤ አባትም ከጎረቤት ላለማነስ ይበደራል። ይህ የሄሮድስ መንገድ ነው፤ በእንግዶች ፊት ላለማፈር ሲባል የማይገባውን ማድረግ ነው። እናት በእጇ ለውሳ የጋገረችው ዳቦ ግን ለልጇ የሚነግረው ነገር አለው። ዱቄቱ ተነፍቶ፣ ሊጡ ተጠብቆ፣ እሳቱ ተለክቶ የተሠራው ስለ እርሱ ነው። ልጁም ዱቄት ሲነፋ፣ ዘቢብ ሲለቅም አብሮ ቢውል በዓሉ ከዋዜማው ይጀምርለታል።

ዳቦው ሲቆረስ አስቀድሞ ጸሎት ይደረስ። የንስሐ አባት ካሉ ይባርኩ፤ ከሌሉ የቤቱ አባት ወይም እናት በመስቀል ምልክት አማትበው ይቁረሱ። የልጁ የክርስትና ስም ይጠራ፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ይገኙ። ሻማ ቢበራም ልጁ ከማጥፋቱ በፊት ስለተሰጠው ዓመት ያመስግን። የትምህርት ፍጻሜ፣ የሥራ ቅጥር፣ ከሕመም መዳን፣ እነዚህም ሁሉ በአንድ ድፎ ዳቦ ሊመሰገንባቸው ይችላል። ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ የገበሬ ልጅ ለእናቱ ዳቦ የሚሰጠው ክብር ከማንኛውም ቶርታ አያንስም።

ነቢዩ ዳዊት ታቦተ ጽዮንን ወደ ከተማው ባስገባ ጊዜ ለሕዝቡ ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቱም፣ እንጀራና የዘቢብ ጥፍጥፍ አካፍሏል። በነህምያ ዘመንም ሕዝቡ በበዓሉ ቀን መልካሙን እንዲበላ ሲታዘዝ፣ ምንም ላላዘጋጀውም ድርሻውን እንዲልክ አብሮ ታዟል። እንግዲያውስ ከልደት ዳቦ የመጀመሪያው ቁራሽ ከበር ይውጣ። ልጁ ራሱ በሰሐን ይዞ ለጎረቤት አሮጊት፣ ወላጅ ለሌለው ጓደኛው፣ ዳቦ ላልተደፋበት ቤት ያድርስ። ቀኑ በጾም ቢውል እንኳ ይህን ቁራሽ የሚቀበል ሁሉ ያለ ስጋት ይበላዋል፤ የጾም ዳቦ አንዱ በረከቱም ይኸው ነው።

በቤተልሔም፣ ስሙ የእንጀራ ቤት ማለት በሆነው ከተማ፣ የተወለደው ጌታ የየቤታችንን መሶብ ይባርክ። መልካም የልደት በዓል ይሁንልን።