ነፃ ወይስ የሚከፈልበት ድረ ገጽ?

በዱከም አካባቢ የአድአን ጤፍ የሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድረ ገጽ ሲያስቡ አስቀድመው የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። እኛ ግን የአድራሻው ባለቤት ማን እንደሆነ ይጠየቅ እንላለን። ጎግል ለአነስተኛ ነጋዴዎች በነፃ ይሰጥ የነበረውን ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2024 ዘጋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አድራሻዎቹ መሥራት አቆሙ። በጆንያ ላይ የታተመ አድራሻ ግን አይፋቅም።

የዕለቱን ዋጋ ለደንበኛ ለማሳወቅ ብቻ ከሆነ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል፤ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። አድራሻው በጆንያና በደረሰኝ ላይ የሚታተም ከሆነ ግን ተከፍሎበት የራስ ስም ይያዝ፤ ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ቢለወጥም ስሙ አብሮ ይሄዳል። ስሙ ገጹን በሠራው ወጣት ሳይሆን በማኅበሩ ይመዝገብ። በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነም የክፍያው ቀን በሒሳብ ሹሙ መዝገብ ላይ ይጻፍ።