ዘንባባ የሚመስለው ፈርን ዘመዱ ማን ነው?

ፈርን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የካፋን ወይም የሐረናን ጫካ፣ ጭጋግ የማይለየውን ጥላ ነው። ከጅጅጋ ተነሥቶ በአውበሬ ወረዳ በኩል ወደ ሸደር የሚጓዝ ሰው ግን ግራርና ድንጋይ እንጂ ፈርን አገኛለሁ ብሎ አይጠብቅም። ሆኖም ደረቅ አገር የሚስማማቸው ፈርኖችም አሉ። ከነዚህ አንዱ አክቲኒዮፕተሪስ የተባለው ወገን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በየመን ከዐለት ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል።

ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከስንዝር አያልፍም። ቅጠሉ ከአንድ ዘንግ ጫፍ እንደ ማራገቢያ ስለሚዘረጋ ላየው ሰው ገና የበቀለ ዘንባባ ይመስላል። በበጋ ተጨማዶ የሞተ መስሎ ይቆያል፤ ዝናብ ሲያገኝ ያው የደረቀው ቅጠል ተመልሶ ይዘረጋል፣ ይለመልማልም።

የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ተክል ከማን ጋር እንደሚመድቡት ሲቸገሩ ኖረዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዕፅዋት ሊቁ የሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፔር ፎርስኮል የመን ውስጥ አግኝቶት አክሮስቲኩም ዲኮቶሙም አለው። ፎርስኮል በ1763 እዚያው የመን ሞተ፤ መጽሐፉን በ1775 ያሳተመለት የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር ነው። ችግሩ፣ ሊኔየስ ራሱ ያንኑ ስም በ1753 ለሌላ ፈርን ሰጥቶት ነበር። በ1801 ደግሞ ኦሎፍ ስዋርትዝ ከአስፕሌኒየም ወገን ጋር ቀላቀለው። ራሱን የቻለ ወገን ያደረገው ጀርመናዊው ሃይንሪክ ሊንክ ነው፣ በ1841።

ስዋርትዝ ላይ መፍረድ ይከብዳል። ከማራገቢያው አንዱን ቀጭን ዘርፍ ገልብጣችሁ በአጉሊ መነጽር ብታዩ፣ ፈርን በዘር ፋንታ የሚራባባቸው የስፖር ከረጢቶች በረጅም መስመር ተደርድረው ታገኛላችሁ። አስፕሌኒየምም ከረጢቶቹን በመስመር ይደረድራል። ልዩነቱ ክዳኑ ላይ ነው። አስፕሌኒየም ከቅጠሉ ደም ሥር ላይ የሚነሣ የራሱ ስስ ሽፋን ሲኖረው፣ አክቲኒዮፕተሪስ ግን የቅጠሉን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ ነው ከረጢቶቹን የሚሸፍነው።

ቀጥሎ የመጣው ጣሊያናዊው ሮዶልፎ ፒቺ ሰርሞሊ ነው። በ1937፣ በወረራው ዘመን፣ ጣናን ሊያጠና ከተላከው ሳይንሳዊ ቡድን ጋር አገራችንን አይቷል። አመጣጡ ከወራሪ ጋር ይሁን እንጂ በፈርን ዕውቀት በዘመኑ የሚስተካከሉት ጥቂት ነበሩ። በ1962 ስለዚህ ወገን ባሳተመው ጥናት፣ ዛሬ ከሚታወቁት አምስት ዝርያዎች ሦስቱን አዲስ ብሎ ገለጸ። አንዱ ሴሚፍላቤላታ ነው፤ ማራገቢያው ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ዘርፎቹም ጥቂት ናቸው። ቀድሞ የሚታወቀው ራዲያታ ግን ሰፊ ማራገቢያ አለው፣ የዘርፎቹ ጫፍም ጥርስ ጥርስ ነው። ከዚያ በፊት ሰብሳቢዎች ሁለቱን ደባልቀው ይመዘግቡ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። እሱ ግን ለአምስቱ ዝርያዎች ብቻ የሚሆን ሙሉ ቤተሰብ አቋቋመ፤ አክቲኒዮፕተሪዴሴ ይባላል። እኔ ይህን ያበዛው ይመስለኛል። መልክ ለየት ስላለ ብቻ ከዘመድ መነጠል አይገባም፤ በኋላ የመጣው ማስረጃም ይህንኑ አሳየ። ከክሎሮፕላስት የተወሰዱ ጂኖች ሲነጻጸሩ፣ የአክቲኒዮፕተሪስ የቅርብ ዘመድ ኦኒኪየም ሆኖ ተገኘ። ኦኒኪየም ቅጠሉ እጅግ በደቃቁ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ማራገቢያ የሚባል ነገር የለውም። ከረጢቱን በታጠፈ ጠርዝ በመሸፈን ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ በ2016 የዓለም የፈርን ሊቃውንት በጋራ ባወጡት ምደባ አክቲኒዮፕተሪስ በትልቁ የፕተሪዴሴ ቤተሰብ ውስጥ ተቀምጧል። የፒቺ ሰርሞሊ ቤተሰብ ቀረ፤ ሦስቱ ዝርያዎቹ ግን እስከ ዛሬ ጸንተዋል።

የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ፈርኖችን የያዘው ቅጹ በ2009 ታትሟል። መጽሐፍ ታተመ ማለት ግን ፍለጋው አለቀ ማለት አይደለም። በጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማሩ፣ በሸደርና በአውበሬ የምታስተምሩ፣ ከዝናብ በኋላ በካራማራ ተራራ ዐለቶች መካከል ማራገቢያ ቅጠል ካያችሁ አንዱን ከነሥሩ ንቀሉ፤ ብዙ ካለ ብቻ። በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ። ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጽፋችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ላኩት።