«የእኔ አስተያየት ነው» ማለት መቼ ይበቃል?

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ በአንድ ዴስክ ይቀመጡ የነበሩ ሁለት ጓደኛሞች ተኳርፈው ሰላምታ እስከ መከልከል ደረሱ። የጠባቸው መነሻ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 ነበር። አንደኛው «ማንኛውም ክልል በፈለገ ቀን ይገነጠላል ይላል» ሲል፣ ሌላው «ስለ ቋንቋና ባህል እንጂ ስለ መገንጠል አንድም ቃል የለበትም» ይላል። ላስታርቃቸው ስጠራቸው ሁለቱም «ቲቸር፣ ይሄ የእኔ አስተያየት ነው፤ ሊያከብርልኝ ይገባል» አሉኝ።

ነገሩ ግን አስተያየት አልነበረም። የተጻፈ ነገር ተከፍቶ ይነበባል። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን አስመጥቼ አብረን አነበብነው። ሁለቱም ተሳስተዋል!

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ይህ ሕገ መንግሥት፣ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብትን እስከ መገንጠል ድረስ ይሰጣል። ባለ መብት ያደረገው ግን ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን ነው። መንገዱም የአንድ ቀን አይደለም። በቅድሚያ የባለ መብቱ የሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መቀበል አለበት። የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በ3 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። በዚያም አብላጫው ድምፅ ጥያቄውን መደገፍ ይኖርበታል።

ይህን ካነበብን በኋላ «በሉ አሁን ተከራከሩ» አልኳቸው። አንቀጹ ለሀገር ይበጃል ወይስ ይጎዳል? ይቆይ ወይስ ይሻሻል? እዚህ ላይ አንዱ ያለፈ በደል እንዳይደገም ይሠጋል፤ ሌላው ሀገር እንዳይበተን ይፈራል። ሁለቱም ቅን ሊሆኑ ይችላሉ። የሐሳብ ልዩነት የሚከበረው እዚህ ነው።

በመድረሳ ያደግን ሰዎች ይህ ሊከብደን ባልተገባ ነበር። በሱብሒ ሶላት ሻፊዒዩ ቁኑት ያደርጋል፤ ሐነፊዩ አያደርግም። ሁለቱም በአንድ መስጊድ ጎን ለጎን ይሰግዳሉ፤ ማንም ማንንም አያወግዝም። ይሁንና የሱብሒ ፈርድ ሁለት ረከዓ መሆኑ ላይ «የእኔ አስተያየት ሦስት ነው» የሚል ቢመጣ ማን ያከብርለታል? አባቶቻችን የሚለያዩበትን ከማይለያዩበት ለይተው ስላወቁ ነው ተከባብረው የኖሩት።

በፖለቲካ ጉዳይ ግን ሁለት ጥፋት እናያለን። አንዳንዱ ያልተጣራ ወሬ ይዞ «አስተያየቴ ነው» በሚል ጋሻ ይከለላል። ሌላው ደግሞ የግል ምርጫውን እንደ ተረጋገጠ እውነት ቆጥሮ፣ ያልተስማማውን ሁሉ ውሸታም ይላል። የመጀመሪያው እውነትን ይጎዳል፤ የሁለተኛው ዝምድናን ይቆርጣል። ወሬ ሲመጣ አጣርተን እንድንይዝ በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው፣ ሳናውቅ ሰው በድለን እንዳንጸጸት ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ በማዕድ ዙሪያ ሲከራከሩ «ዝም በሉ» ብቻ አትበሏቸው። «ይህን ከየት ሰማህ? ጽሑፉን አይተኸዋል? የምትነግረን የሆነውን ነው ወይስ መሆን አለበት የምትለውን?» ብላችሁ ጠይቁ። ያላወቁትን «አላውቅም» ማለት ነውር አለመሆኑንም አስተምሯቸው፤ በቅድሚያ ከእናንተ አንደበት ይስሙት።

ሁለቱ ተማሪዎቼ በአንቀጹ ላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተስማሙም። ነገር ግን ወደ አንድ ዴስክ ተመልሰዋል። ሲከራከሩም መጽሐፉ በመካከላቸው ተከፍቶ ይቀመጥ ነበር።