መጀመሪያ የሚያቆመውን አሠሩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ቢሰበሰብ አንድ ነው። «ያገለገለች መኪና ገዛሁ። ጋራዥ ባስገባት የሚሠራው ነገር ወረቀት ሞላ። የቀረኝ ብር ለግማሹም አይበቃም። ከየቱ ልጀምር?» ለየብቻ መመለሱ ስላልሆነልኝ እዚሁ ልጻፈው። የምጽፈው ለጉለሌ ሰው ነው፤ ሽሮ ሜዳ፣ ቁስቋም፣ እንጦጦ፣ አዲሱ ገበያ ለምትኖሩ፣ ወይም ሱሉልታ ለምትመላለሱ። ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ሌላ ቅደም ተከተል ቢይዝ አልፈርድበትም። እኛን ዳገቱ ያስገድደናል፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ ሞተር ከዚያ ወዲያ፣ ቀለም መጨረሻ።

አሮጌ መኪና ይዘን የቀረነው ወደን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንደማይገባ መንግሥት አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ተነሣ። «ካስቸገረችኝ ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» የሚለው ነገር በአብዛኛው ቀርቷል። አርባ ዓመት ያለፋት ዲኤክስ ዛሬም ተሸጣ ስሟ ይዞራል፤ ሃያ ዓመት የሞላት ቪትዝማ በደላላ አፍ «አዲስ» ናት።

ደላላ ሦስት ነገር ይላል፦ «ገብቶ መንዳት ብቻ ነው»፣ «የሴት መኪና ናት»፣ «ሞተሯ አልተነካም»። እኔ ቪትዜን ስገዛ ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ቀለሟ ፊት ያሳያል፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ጎማዋ ተወልውሎ ጠቁሯል። በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ያለ አንድ መካኒክ ኮፈኑን ከፈተና የፍሬን ዘይት መያዣውን ክዳን ፈታ። ዘይቱ ቡና ሆኗል። ጣቱን ነከር አድርጎ አሸት አሸት አደረገውና «ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ዓመት ሳይቀየር ቆይቷል። በዚህ ነው እንጦጦ የምትወጣው?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «መውጣቱስ ይሁን፣ እኔ አወራረድህን ነው የምፈራልህ» አለ።

የፈራው ይህንን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አብዛኞቹ አሮጌ ቶዮታዎች የሚጠቀሙት ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ በ140 ዲግሪም ሊፈላ ይችላል። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ዲስኩንና ሸራውን በደንብ ያግላል። ግለቱ ዘይቱ ጋ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፤ መኪናዋ ግን አትቆምም። ሸራው ትናንት የተቀየረ ቢሆንም ያው ነው። ዘይቱን ማስቀየር ከፍሬን ሥራ ሁሉ ርካሹ ሆኖ ሳለ ሸራ ለማስቀየር የገባ ሰው እንኳ ይረሳዋል። ስለዚህ ሸራው፣ በየጎማው ያሉት የጎማ ቱቦዎች፣ ማስተሩና ዘይቱ በአንድ ቀን ይታዩ። ቱቦዎቹ ስንጥቅጥቅ ካሉ ወይም አንዱ ጎማ ውስጡ ከረጠበ ሌላው ዝርዝር ይቆያችሁ፣ ይህ ይቅደም።

አነዳዱም የጥገናው አካል ነው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነች ከዲ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አውርዱላትና ሞተሩ ይያዝላችሁ። ባዶ ማርሽ አድርጎ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለውን ወሬ እባካችሁ ተዉት። የእጅ ፍሬኑንም አትዝለሉት። ማታ ማታ በር ላይ ስታቆሙ ጎማ ሥር ድንጋይ ታኮ የምታደርጉ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ሥራ ለቋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ገመዱን ማጥበቅ ብቻ ይበቃል።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ሰው በከንቱ ቴስታታ የሚያስወርደው እዚህ ላይ ነውና። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ መሀል ከተማ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው እንጦጦ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው እዚያው ሙቀት ላይ ነው። ታዲያ ጤነኛው መኪና ለምን አይፈላም ብትሉ፣ የራዲያተሩ ክዳን ስለሚያፍነው ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ስፕሪንግና የጎማ ቀለበቷ ግፊቱን ይይዙና ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት በ20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከፍ ያደርጉታል። ቀለበቷ ደርቃ ከተሰነጠቀች ወይም ስፕሪንጓ ከላላች ግፊቱ ያመልጣል። ቦሌ ላይ ምንም ያልነበራት መኪና ኪዳነ ምሕረትን አልፋ ዳገቱን ስትይዝ «ውሃ ታፈላለች» ትባላለች። ቀጥሎ አንዱ «ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይውረድ» ይላል።

ከማውረዱ በፊት ክዳኑን እዩ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ፈትታችሁ ስፕሪንጓን በአውራ ጣት ጫን በሏት፤ መልሳ ካልገፋቻችሁ ወይም ጎማዋ እንደ ቅርፊት ከተነሣ ክዳኑን ቀይሩ። ሞተሩ እንደጋለ የምትከፍቱት ፊታችሁን ማቃጠል ስትፈልጉ ብቻ ነው። ከክዳኑ ቀጥሎ ፋኑ በሰዓቱ መነሣቱን፣ ራዲያተሩ በደለል አለመደፈኑን፣ ቱቦዎቹ አለመላላታቸውን ማየት ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ውሃ እየጨረሰች ነጭ ጭስ ሳታቋርጥ ካወጣች፣ ያኔ ስለ ጋርኒሲዮን ማውራት ይቻላል።

ቴርሞስታት «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብለው የሚያወጡ መካኒኮች አሉ። እኔ አልስማማም። የጉለሌ ጠዋት ብርዱ የሚታወቅ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ዝገት መዝራት ነው፤ ኩላንት ግዙ።

አሁን ወደ ሞተሩ። «ዳገት አልወጣም አለችኝ» ስትሉ መካኒኩ «ፋሻ ጨርሳለች፣ ትውረድ» ካለ ወዲያው እሺ አትበሉ። አየሩ እዚህ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በእኛ ከፍታ ላይ በባሕር ጠለል ካለው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። 1,000 ሲሲ ሞተር አምስት ሰው ጭኖ እየተንፏቀቀ ቢወጣ ያለ ነገር ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮና ካንዴላ ይቀየር። ከዚያ ኮምፕሬሽን ይለካ። መለኪያው ካንዴላው ቦታ ላይ የሚገባ ትንሽ ሰዓት ነው፣ ቁጥሩንም ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ሞተር ይውረድ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ትበላለች ማለት ነው፤ እሱም ቢሆን በየጊዜው ዘይት እየጨመሩ ለዓመታት የሚነዳበት ሁኔታ አለ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም፦ ታይሚንግ ቺንጋ። ቪትዝ የያዛችሁ ተገላገላችሁ፣ ሰንሰለት ነው። ባለ 2ኢ ሞተር ኮሮላ የገዛችሁ ግን ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ሻጩ ካላወቀ ጨርሶ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትወርዱ አሮጌውን ዕቃ አስፈትታችሁ ያዙ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም በስልክ አንሡት። ሱቁ «ኦርጅናል አለ፣ የታይዋን አለ፣ የቻይና አለ፣ ያገለገለም አለ» ይላችኋል። የበር እጀታ፣ ስፖኪዮ፣ መብራት ያገለገለ ብትገዙ ምንም አይደል። የፍሬን ዕቃና የመሪ ጫፎችን ግን ከሌላ መኪና የተፈታ አትግዙ። መካኒኩ «እኔ ልግዛልህ» ካለም ክፋት የለውም፤ ከሱቁ የሚያገኘው ነገር ሊኖር እንደሚችል አውቃችሁ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ተነጋገሩ፣ የወለቀውንም ዕቃ እንዲያስረክባችሁ ንገሩት።

ስለ ሻጩም ትጠይቁኛላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ይናገራል። ገዢም ዕቃውን ቶሎ የመመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የሽያጭ ውላችን ላይ «አሁን ባለችበት ሁኔታ» የምትል ሐረግ ትገባለች፤ እሷ የሚታየውን ጉድለት ትሸፍናለች፣ ሻጩ አውቆ በተንኮል የደበቀውን ግን አትሸፍንለትም። ስለዚህ ወደ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት መካኒክ ይያት። ከገዛችሁ በኋላ የተደበቀ ነገር ካገኛችሁም በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አሳውቁት፣ መልእክቱንም አስቀምጡ። ሽማግሌ ፊት ብትቀርቡ እንኳ ይጠቅማችኋል።

ቀለም፣ ስቱኮ፣ ባትላሜራ፣ ቴፕ፣ የወንበር ልብስ ላይ አስተያየት የለኝም፤ ብር ሲተርፍ ደስ እንዳላችሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሰፊ ስለሆነ ሌላ ቀን ለብቻው እጽፋለሁ። እስከዚያ ጥያቄ ስትልኩልኝ የመኪናዋን ዓመት፣ የሞተሩን ዓይነትና የምትኖሩበትን ሰፈር አብራችሁ ጻፉ፤ «ቪትዝ ናት፣ ትሞቃለች» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁልኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ የት ስትደርስ እንደምትሞቅ ነው።