አልውጥም ያለ ውሻና 56 ኪኒን

የተተፉትን ኪኒኖች ያገኘኋቸው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የመቻልን ቤት ላጸዳ ብዬ የሚተኛበትን ጆንያ ከፍ ሳደርገው ከስሩ ሰባት ካፕሱል! አንዳንዱ ምራቅ ነክቶት ጆንያው ላይ ተጣብቋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከፋርማሲ እንደወጣ ምንም አልሆነም። ስድስት ቀን ሙሉ «ጎበዝ! ዋጠ!» እያልኩ ጭንቅላቱን ስዳብሰው የነበረው ውሻ ለካ ዞር እስክል ነበር የሚጠብቀው።

እዚያው ቁጢጥ ብዬ ቆጠርኳቸው። ሁለቴ። በቀን ሁለት፣ በስድስት ቀን 12 መሆን ነበረበት። 7ቱ እዚህ ናቸው። ስለዚህ ሆዱ የገባው ቢበዛ 5 ነው። ለምን እንዳልተሻለው ያኔ ገባኝ።

መቻል ስል የኳስ ክለቡን እንዳይመስላችሁ፤ ውሻችን ነው። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው። ክረምት ላይ ከቱቦ ውስጥ ሲያወጣቸው ከቡችሎቹ በሕይወት የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። ወንድሜ ዱባይ ከሄደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ማታ ማታ በኢሞ ይደውላል። መጀመሪያ እማዬ እንዴት እንደሆነች፣ ቀጥሎ መቻል እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። አንዳንዴ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥበትና ቤት ውስጥ ኩርፊያ ይሆናል።

ሕመሙ የጀመረው በዝምታ ነው። መቻል ሲፈጥረው የቆራሌው ጠላት ነው። «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ገና ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ አጥሩን ሊያፈርሰው ይደርሳል። ከደብረ ዘይት በፊት ባለው ሳምንት ግን ቆራሌው በራችን ላይ ቆሞ ሲጣራ ጆሮውን እንኳን አላነሳም። እንጀራውን አሽትቶ ተወው። በሁለተኛው ቀን ከአፍንጫው ደም ወጣ።

ምክር በሽ ነው። ጎረቤታችን እማማ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ደቁሼ በውሃ እንዳጠጣው ነገሩኝ። እማዬ ደግሞ «ፓራሲታሞል ግማሿን ስጪው፣ እሱም ነፍስ ነው» አለችኝ። ግማሿን ሰብሬ እጄ ላይ ይዤ ነበር። ለምን እንደተውኩት አላውቅም፣ እግዜር ነው። ፓራሲታሞል የውሻን ጉበትና ደም ይጎዳል፤ አይቡፕሮፌንም ሆድና ኩላሊቱን። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳሉ። ደሙ ላለቀበት ውሻ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ባጠጣው ኖሮ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሐኪም ዘንድ መውሰዱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በስልክ የጠራኋቸው ሦስት ሾፌሮች ውሻውን ሲያዩ ሰርዘው ሄዱ። በመጨረሻ የሰፈራችን የላዳ ሹፌር የኋላ ወንበሩን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ ወሰደን። መንገዱን ሙሉ «ይነክሳል?» ይላል። ምንም አቅም ያልነበረው መቻል ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ገና ውሻውን ሳይነኩ ነው ጥያቄ የጀመሩት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል? ሰሞኑን ሰው ወይም እንስሳ ነክሷል? በሌላ ውሻስ ተነክሷል? ለሃጩ ይዝረበረባል? ውሃ መዋጥ ያቅተዋል? የክትባት ደብተሩን ሳሳያቸው ነው የቀረቡት። ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፦ መዋጥ ያቃተው፣ ለሃጩ የሚፈስ፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ፣ በተለይ ክትባት የሌለው ከሆነ፣ አፉ ውስጥ እጅ አይገባም። ኪኒኑ ይቅር። አገራችን ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ሰውንም አያድንም ማለት ይቻላል።

የመቻል ግን ሌላ ነበር። ከንፈሩን ገልበጥ ሲያደርጉት ድዱ ነጭ ሆኗል። ጆሮው ውስጥ መዥገር አገኙ። ደሙ ሲታይ ኤርሊኪያ የሚባል በመዥገር የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው ተባለ። ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ይወርዳሉ፣ የአፍንጫው ደምም ከዚያ የመጣ ነው። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም፣ ዶክሲሳይክሊን ነው። ለእሱ ክብደት፣ 20 ኪሎ ነው፣ ባለ 100 ሚሊግራሙ ካፕሱል ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለ28 ቀን። በጠቅላላው 56። (የእናንተን ውሻ ሐኪም ይመዝንላችሁ፤ ከዚህ ላይ እንዳትቀዱ።) ከደብረ ዘይት እሁድ ብንጀምር ለፋሲካ ያልቃል ብዬ ደስ አለኝ። ምልክት ነው የመሰለኝ።

ያው እንዳያችሁት፣ አላለቀም።

ቅዳሜ ዕለት ሰባቱን ካፕሱል በፌስታል ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ። አልተቆጡኝም። «በምን ነበር የምትሰጪው?» አሉ ብቻ። በአይብ አልኳቸው። በሁዳዴ እማዬ እንዳታየኝ ከሱፐርማርኬት ተደብቄ እየገዛሁ፣ ማታ ማታ ጓሮ ወስጄ። ቲክቶክ ላይ ፈረንጆቹ ኪኒን በቺዝ ጠቅልለው ሲሰጡ አይቼ ነበር፣ እኔም አገርኛ አደረግኩት። ዶክተሩ ፈገግ አሉ። ወተትና የወተት ውጤት ውስጥ ያለው ካልሲየም ዶክሲሳይክሊንን ይይዘዋል፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ማለት የተፋውን ተፍቷል፣ የዋጠውንም እኔ አበላሽቼበታለሁ።

ካፕሱሉን ከፍቼ ዱቄቱን ምግቡ ላይ ብበትነውስ? አይሆንም፣ ይመራል፤ ምግቡን አንዴ ከጠረጠረ ምግቡንም ያቆማል። ደረቁን ብሰጠውስ? እሱ ይባስ። ይሄ መድኃኒት ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ከቀረ ያቆስለዋል፤ ሁልጊዜ ከኋላው ምግብ ወይም ውሃ መከተል አለበት። ቆጠራው እንደ አዲስ ከ1 ይጀምራል አሉኝ።

የዚያን ቀን ማታ ወንድሜ ሲደውል ምላሴ ተሳሰረ። ስድስት ቀን ሙሉ «ወስዷል፣ ወስዷል» ስለው ነበር። ነገርኩት። ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ። «ከነገ ጀምሮ ሲውጥ ቪዲዮ ላኪልኝ» አለኝ። እህቱን ማመን አቁሟል ማለት ነው። ትንሽ አመመኝ፣ ግን እውነቱን ነው።

አሁን የሥጋው ጣጣ መጣ። የዓለም ሰው ሁሉ ኪኒን በሥጋ ይሰጣል፣ እኛ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነን። ልኳንዳ ቤቱ ዘግቷል። ክፍት ካለው የሙስሊም ልኳንዳ ቤት ሳንባ ላምጣ ብል እማዬ «በየትኛው ድስት ልትቀቅይው ነው?» አለች። ጥያቄ አይደለም፣ መልስ ነው። ወጥ እንዳልሰጠው ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሁሉም ሽንኩርት ነው። የለውዝ ቅቤ ይቻላል ይባላል፣ ግን ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ የገባበት ከሆነ ለውሻ መርዝ ነው፤ ማሸጊያውን አንብቡ። ቸኮሌትና ዘቢብም እንደዚያው፣ አይሞከሩም።

መፍትሔው የተገኘው ከእማዬ የጾም ድስት ነው። ስኳር ድንች። ተቀቅሎ ሲላጥ እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል፣ ካፕሱሉ ላይ ጥርቅም ብሎ ይጣበቃል፣ ይጣፍጣል፣ የጾም ነው። ሦስት ትንንሽ ድቡልቡል ይሠራል፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ያልበለጠ። አንደኛው ባዶ ነው፤ ይህ የማሳመኛ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ኪኒኑ አለ። ሦስተኛው ባዶ ነው። ዘዴው ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፦ ሁለተኛውን አፉ ውስጥ ስታደርጉ ሦስተኛውን አፍንጫው ሥር ያዙለት። እሱን ለማግኘት ሲቸኩል ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል። ስስት ከእኛም ከውሻም የሚያመሳስለን ነገር ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነው የደረስኩበት። ካፕሱሉን የነካሁበት እጄ ያን ሽታ ይይዛል። ስለዚህ በግራ እጄ ካፕሱሉን እከታለሁ፣ በቀኝ እጄ እድቦለቡላለሁ፣ በቀኝ እጄ ብቻ እሰጠዋለሁ። ደግሞ ከምግቡ በፊት ነው፣ ሲርበው። ከዋጠ በኋላ እንጀራው ይከተላል።

አስር ቀን ሠራ። በየማታው ለወንድሜ ቪዲዮ በቴሌግራም ይሄዳል፣ እሱም አውራ ጣት ይልካል። ለአራት ቀን እንደገና የበላ፣ ጭራውን የነቀነቀ ውሻ ሳይ «አሁንማ ድኗል፣ ቀሪው ቢቀርስ» የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፣ አልዋሽም። ባክቴሪያው ግን ጭራ መነቅነቁን አያይም። ምልክቱ ቢጠፋም ተደብቆ ሊቆይና በኋላ ሊመለስ ይችላል።

በአስራ አንደኛው ቀን መቻል ነቃ። ስኳር ድንቹን ቀስ ብሎ አኝኮ ካፕሱሉን እንደ ሎሚ ፍሬ ለይቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። በአክብሮት።

ከዚያ በኋላ በእጅ ሆነ። ሐኪሙ በቪዲዮ ጥሪ እያዩኝ ነው ያስተማሩኝ። ውሻው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ግድግዳ ጥግ ላይ አስቀምጪው፣ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ሁኚ። በግራ እጅሽ የላይኛውን መንጋጋ ከክራንቻዎቹ ኋላ ያዢና ጭንቅላቱን ቀና አድርጊው፤ ያኔ የታችኛው መንጋጋ ራሱ ይላላል። በሌላኛው እጅሽ መንጋጋውን ከፍተሽ ኪኒኑን ምላሱ መሐል፣ ወደ ኋላ አስቀምጪ። ጫፍ ላይ ካስቀመጥሽው ይተፋዋል። አፉን ዝጊ፣ ጉሮሮውን እሺ፣ አፍንጫው ላይ ቀስ ብለሽ እፍ በይ። አፍንጫውን ሲልስ ዋጠ ማለት ነው። ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ትንሽ ውሃ፣ ከጉንጩ በኩል፤ ቀጥታ ወደ ጉሮሮው ከሆነ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሲነገር አንድ ደቂቃ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ቀን ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። «እኛ» ያልኩት እማዬም ስላለችበት ነው። በዕድሜዋ ውሻ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት፤ መቻል የቤቱን ደፍ ቢረግጥ ወለሉን በሙሉ የምታጥብ። ያን ማታ መብራት ሄዶ ነበር፣ የስልኬን ባትሪ እንድታበራልኝ ብቻ ነው የጠራኋት። ሦስተኛውን ሙከራ ስናበላሸው ስልኩን መሬት አስቀመጠችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላው በጉልበቷ ያዘችው። «አንተ፣ ዋጥ!» አለችው። ዋጠ። ለእኔ ያላደረገውን!

በሦስተኛው ሳምንት ጥርሱ አውራ ጣቴን ጫረኝ። ሊነክሰኝ አልነበረም፣ አፉን ሲዘጋ ነው። ክትባት ያለው ውሻ ቢሆንም በሚወርድ የቧንቧ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጠብኩት፣ አላርም ሞልቼ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄጄ አሳየሁ። 15 ደቂቃ ጣት ማጠብ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ሞክራችሁ እዩት። አንድ ማታ ደግሞ ከዋጠ ብዙም ሳይቆይ አስመለሰው። ሌላ ኪኒን ልደግምለት ስል ቆም ብዬ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ያስመለሰው ውስጥ ካፕሱሉ ሙሉውን ስለታየ ድገሚ አሉኝ፤ ካልታየ ግን በግምት አይደገምም።

ሰፈር ውስጥ መወራቱ አልቀረም። «ለውሻ ይህን ያህል? ሰው መድኃኒት ባጣበት አገር?» ያሉኝ አሉ። መልስ አልሰጠኋቸውም፣ ምክንያቱም ያሉት ሐሰት አይደለም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን በር የጠበቀው እሱ ነው። ሲታመም ደግሞ ራሱ ፋርማሲ አይሄድም።

በፋሲካ ማግስት እማዬ ራሷ ሳንባ አስመጥታ በአሮጌ ድስት ቀቀለችለት፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት። ከዚያ ወዲያ የቀሩት ኪኒኖች በሳንባ ገቡ፣ ያለ ትግል። 56ኛው ከዳግም ትንሣኤ በፊት በነበረችው ቅዳሜ ማታ ተዋጠ፤ ቪዲዮው ወንድሜ ጋ አለ። የደም ምርመራው ገና ይቀረናል፣ መዥገር የሚከላከለው መድኃኒትም ከእንግዲህ በቀጠሮው ይሰጠዋል። ስኳር ድንች ግን አሁን በሩቁ ሲያይ ተነስቶ ይሄዳል።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ በኢሞ ደውሎ ከእማዬ ጋር እያወራ ነበር። ቆራሌው ከመንገዱ ጫፍ ተጣራ። አጥሩ ተንቀጠቀጠ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለ ወንድሜ።

እማዬ ስልኩን ወደ ግቢው አዞረችለትና «ያንተው ነው» አለችው። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞራ ጮኸች፤ «ዝም በል አንተ!»