ስለ ታመመች ዶሮ አያያዝና ስለ ቤተ ሰብ ጤና

በገጠር ቤት ዶሮ የእናት ሀብት ናት። እንቁላሏ ተሸጦ ጨውና ሳሙና ይገዛበታል፤ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃንም በሚገባ ተቀቅሎ ሲሰጥ ሰውነትን የሚገነባ ምግብ ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነውና አንዲቱ ስትታመም ቤቱ ይጎዳል። ስለዚህ ዶሮዋን እንዴት እንደምትረዱ፥ ስትረዱም በሽታ ወደ ልጆቻችሁ እንዳይተላለፍ እንዴት እንደምትጠነቀቁ ቀጥለን እንገልጻለን።

እንቁላል ያቆመች ዶሮ ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም። ከ12 እስከ 15 ያህል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ትፈልጋለች፤ ላባዋን ስትለውጥም ታቋርጣለች። ይህ ተፈጥሮዋ ነው። እንቁላል የተያዘባት ግን ሌላ ናት። ላባዋን አንጨፍርራ፥ ጅራቷን ዝቅ አድርጋ ትቆማለች፤ ጥሬ አትለቅምም፤ ደጋግማ ታምጣለች፥ እንቁላል ግን አይወጣም። ምጥን የምታውቅ እናት ይህን ስታይ ወዲያው ይገባታል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንድ እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ተሠርቶ እስኪወጣ 25 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚህም 20 ሰዓት ያህሉ ቅርፊቱ የሚሠራበት ነው። ቅርፊቱ የሚሠራው ካልሲየም ከሚባል ማዕድን ነው። ካልሲየም ሲያንሳት ቅርፊቱ ይሳሳል፤ እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻም ይደክማል። ውሃ መጠማት፥ ብርድ፥ የእንቁላሉም መተለቅ ይህንኑ ያመጣሉ። በተለይ መጀመሪያ የምትጥል ቄብ ትቸገራለች።

እንግዲህ እንደሚከተለው አድርጉ።

1ኛ/ ዶሮዋን ከሌሎቹ ለይታችሁ ሙቀትና ጸጥታ ባለበት ስፍራ፥ በንጹሕ ጭድ ላይ አኑሯት። ውሃ አቅርቡላት። ልጆች አይጠጓት።

2ኛ/ በክርን ሲነካ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጋችሁ፥ እስከ ሆዷ ድረስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዩአት። ከዚያ በጨርቅ በደንብ አድርቋት። ሳፋውና ጨርቁ ለምግብ ሥራ የምትገለገሉበት አይሁን።

3ኛ/ በእንቁላል መውጫዋ ዙሪያ ጥቂት የምግብ ዘይት ቀቡ።

4ኛ/ ሆዷን አትጫኑ። እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ ቅርፊቱ ሊቆርጣትና ሊገድላት ይችላል።

5ኛ/ ለሰው የታዘዘ ክኒን፥ ቴትራሳይክሊንም ቢሆን፥ አትስጧት። የተያዘውን እንቁላል አያስወጣም፤ ይልቁንም መድኃኒቱ ልጆች ወደሚበሉት እንቁላል ይገባል፥ ተሐዋስያንም መድኃኒቱን ይለምዱታል።

እስከ ማግስቱ ካልወጣላት፥ ወይም ሥጋ ወደ ውጭ ከወጣ፥ ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዷት።

ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ቢታመሙ፥ ቢያቃስቱ፥ አረንጓዴ ቢያስቀምጣቸው፥ አንገታቸውም ቢጠመዘዝ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ የሚከላከለው ክትባት ነው። ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ ንገሩ፤ የታመሙትንም ወደ ገበያ አትውሰዱ፥ የጎረቤት ዶሮ ታስጨርሳላችሁና።

አሁን ስለ ራሳችሁ ጤና እንናገር። ደህና በምትመስል ዶሮ ኩስ ውስጥ እንኳ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ተሐዋስያን ይገኛሉ። እነዚህ ተቅማጥ ያመጣሉ። የሚዳኽ ሕፃን መሬት የነካ እጁን ወደ አፉ ስለሚወስድ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው። እናቲቱም ዶሮዋን በያዘችበት እጅ ሊጥ ብታቦካ ወይም ልጇን ብታጎርስ በሽታውን በገዛ እጇ ሰጠችው ማለት ነው። ስለዚህ ዶሮ ወይም እንቁላል ከነካችሁ በኋላ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ባይኖር አመድ ይጠቅማል።

በየቤቱ ስንዞር «ሽለምጥማጥ ይበላብናል፥ ሌባም ይወስድብናል፥ ከኛው ጋር ትደር» የሚሉን እናቶች አሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከቤቱ ግድግዳ ውጭ ተደግፎ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በሩ በደንብ የሚዘጋ ትንሽ ቤት በእንጨትና በጭቃ መሥራት ይቻላል። ሰው ከሚተኛበት ቤት ውስጥ ቆጥ አይኑር። ኩሱንም ዘወትር ጠርጋችሁ ልጆች ከማይደርሱበት ጉድጓድ ክተቱ።

ሞታ የተገኘችን ወይም በጣር ላይ ያለችን ዶሮ አርዶ መብላት አይገባም። ውሻ እንዳያወጣት ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ራቅ አድርጋችሁ በጥልቅ ቅበሯት።

ሌሎቹ ዶሮዎች እንዳይያዝባቸው፥ የተበላውን እንቁላል ቅርፊት በምጣድ አምሳችሁና አድቅቃችሁ ከጥሬው ጋር ስጧቸው። የመጠጫ ዕቃቸውን በየቀኑ እጠቡ፥ ንጹሕ ውሃም ሙሉላቸው።